ክምችቱ ሳይጎድል የሚፈሰው፦ ሲምፓተቲክ ነርቭ ሲነቃቃ በህብረህዋሳት ያሉት ካቴኮላሚኖች ምን ይሆናሉ?

አንድ ቀላል የሚመስል ሙከራ እናስብ። ወደ አንድ እንስሳ ልብ ወይም ወደ ሌላ የውስጥ አካል የሚሄደውን ሲምፓተቲክ ነርቭ በኤሌክትሪክ ለአንድ ሰዓት ያህል ደጋግመን እናነቃቃዋለን። ነርቩ በእያንዳንዱ ምት ኖርአድሬናሊን የተባለ ኬሚካል ከጫፉ ያፈሳል። ሰዓቱ ሲሞላ በህብረህዋሱ ውስጥ የቀረውን ኖርአድሬናሊን ብንለካ ምን እናገኛለን? አብዛኞቻችን «ብዙ ስለፈሰሰ ክምችቱ ይጎድላል» ብለን እንገምታለን። ሙከራዎች ደጋግመው ያሳዩት ግን ሌላ ነው፤ መነቃቃቱ ከተፈጥሯዊው ልክ ያልራቀ ከሆነ ክምችቱ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ይገኛል።

ይህ ለምን እንደሚሆን መረዳት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። የክምችትን መጠን ከፍሰት ፍጥነት ጋር ማምታታት፣ ለልብ ድካም ሕሙማን የሚበጅ አንድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ እንዲከለከል አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንደነበር በጽሑፉ መጨረሻ ገደማ እንመለከታለን። ጉዳዩ የባዮሎጂ ቢሆንም እንቆቅልሹ የተፈታው በሦስት የፊዚክስ መሣሪያዎች ነው፤ እነርሱም በራዲዮአክቲቭ ምልክት፣ በፍሎረሰንስ ብርሃንና በፍሰት ስሌት ነው። የፊዚክስ መምህራን የሆንን እኛም ብዕር ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲምፓተቲክ ነርቭ ምንድን ነው?

ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩትን የውስጥ አካላት፣ ማለትም ልብን፣ የደም ሥሮችን፣ አንጀትን፣ ዕጢዎችንና የዓይን ብሌንን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፓራሲምፓተቲክ ይባላል፤ በዕረፍትና በምግብ መፈጨት ጊዜ ይበረታል። ሁለተኛው ሲምፓተቲክ ሲሆን፣ በአደጋ፣ በብርድ፣ በሥራና በድንጋጤ ጊዜ ይበረታል። በጨለማ የጅብ ድምፅ የሰማ መንገደኛ ልቡ የሚመታው፣ ብሌኑ የሚሰፋውና ፀጉሩ የሚቆመው በዚህ ክፍል አማካይነት ነው።

የሲምፓተቲክ መንገድ በሁለት የነርቭ ህዋሳት ቅብብሎሽ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ህዋስ ከህብለ ሰረሰር ይነሣና በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተሰልፈው በሚገኙት የነርቭ ቋጠሮዎች፣ ማለትም ጋንግሊዮኖች፣ ዘንድ ይደርሳል። በዚያም አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል አፍስሶ ሁለተኛውን ህዋስ ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ህዋስ ከቋጠሮው ተነሥቶ እስከ ልብ ወይም እስከ ደም ሥር ይዘልቃል፤ በዚያም በአብዛኛው ኖርአድሬናሊን ያፈሳል።

ሲምፓተቲክ ነርቭ የሚሠራው በአደጋ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ተኝተን ሳለን እንኳ የደም ሥሮቻችን ልካቸውን ጠብቀው የሚቆዩት በእያንዳንዱ የነርቭ ጭረት በሴኮንድ አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ምት ስለሚተላለፍ ነው። ሙሉ መነቃቃት በሚባለው ሁኔታም ቢሆን ቁጥሩ በሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ምት ቢደርስ ነው። ስለዚህ ነርቩ ሥራ የማይፈታ ሠራተኛ ነው፤ ያለማቋረጥ ያፈሳል፤ ያለማቋረጥም መተካት ይኖርበታል።

የካቴኮላሚኖች አሠራር

ካቴኮላሚን ማለት ካቴኮል የተባለ፣ ሁለት የሃይድሮክሲል ክፍሎች ጎን ለጎን የተያያዙበት የካርቦን ቀለበትና አንድ የአሚን ጭራ ያለው ሞለኪውል ነው። በሰውነታችን ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ካቴኮላሚኖች ይገኛሉ፤ ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊንና አድሬናሊን። ኖርአድሬናሊን ኖርኤፒነፍሪን፣ አድሬናሊን ደግሞ ኤፒነፍሪን ተብለውም ይጠራሉ።

ሦስቱም የሚሠሩት ከአንድ ጥሬ ዕቃ ነው። ይህም ከምግብ የምናገኘው ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

1. ታይሮሲን፣ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ በተባለው ኢንዛይም አማካይነት ወደ ዶፓ ይለወጣል።
2. ዶፓ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።
3. ዶፓሚን በነርቭ ጫፍ ወደሚገኙት ጥቃቅን ከረጢቶች ይገባና በዚያ ወደ ኖርአድሬናሊን ይለወጣል።
4. በተለይ በአድሬናል ዕጢ ውስጥ ኖርአድሬናሊን አንድ የሜታይል ክፍል ተጨምሮበት አድሬናሊን ይሆናል።

ከእነዚህ አራት እርምጃዎች ዝግተኛው የመጀመሪያው ነው። አንድ ጠባብ በር የሕዝብን ፍሰት እንደሚወስን ሁሉ፣ የጠቅላላውን ምርት ፍጥነት የሚወስነው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ነው። ይህ ኢንዛይም በ1964 በናጋትሱ፣ በሌቪትና በዩደንፍሬንድ ተለይቶ ታወቀ። ስሙን አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ የእንቆቅልሹ መፍቻ እርሱ ነውና።

ዕውቀቱ እንዴት ተገኘ?

በ1894 ጆርጅ ኦሊቨርና ኤድዋርድ ሼፈር የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ከኩላሊት በላይ ከሚገኘው የአድሬናል ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በእንስሳ ደም ውስጥ ሲገባ የደም ግፊትን በእጅጉ እንደሚጨምር አስተዋሉ። በ1901 ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ከዚሁ ዕጢ ንጥረ ነገሩን በክሪስታል መልክ ለይቶ ማውጣቱን አሳወቀ፤ አድሬናሊንም ተባለ። በ1904 ቶማስ ኤሊየት የተባለ ወጣት ተመራማሪ፣ ሲምፓተቲክ ነርቭ ሲነቃቃና አድሬናሊን ሲሰጥ የሚታየው ውጤት እጅግ የሚመሳሰል መሆኑን ተመልክቶ፣ ምናልባት ነርቩ ራሱ ከጫፉ አድሬናሊን ሳያፈስ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡ ማረጋገጫ ያገኘው በ1921 ነው። ኦቶ ሎዊ የአንዲትን እንቁራሪት ልብ ነርቭ ካነቃቃ በኋላ በልቡ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ቀድቶ ወደ ሌላ፣ ነርቩ ወዳልተነካ ልብ አዛወረ። የመጀመሪያው ልብ በነርቭ መነቃቃት ቀስ ብሎ ከነበረ ሁለተኛውም ቀስ አለ፤ የመጀመሪያው ፈጥኖ ከነበረ ሁለተኛውም ፈጠነ። በሁለቱ ልቦች መካከል ከፈሳሹ በቀር ምንም ግንኙነት አልነበረም። ስለዚህ ነርቭ ከልብ ጋር የሚነጋገረው በኬሚካል እንደሆነ ታወቀ። ሎዊ በ1936 የኖቤል ሽልማትን ከሄንሪ ዴል ጋር ተጋራ።

በአጥቢ እንስሳት ሲምፓተቲክ ነርቮች ውስጥ የሚገኘው ዋናው አስተላላፊ አድሬናሊን ሳይሆን ኖርአድሬናሊን መሆኑን በ1946 ያረጋገጠው ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ የሜታይል ክፍል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ማን ምን እንደሚያፈስ ለይቶ ማወቅ ለቀጣዩ ምርምር ሁሉ መሠረት ሆነ።

ምቱ ሲደርስ የሚሆነው

የሁለተኛው ነርቭ ህዋስ ጭረት በህብረህዋሱ ውስጥ ሲያልፍ እንደ መቁጠሪያ ፍሬዎች የተደረደሩ እብጠቶች ይኖሩታል። በእነዚህ እብጠቶች ውስጥ በኖርአድሬናሊን የተሞሉ ከረጢቶች ይገኛሉ። የኤሌክትሪክ ምቱ እብጠቱ ጋ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ጥቂት ከረጢቶች ከህዋሱ ሽፋን ጋር ተዋሕደው ይዘታቸውን ወደ ውጭ ያፈሳሉ። የፈሰሰው ኖርአድሬናሊን በልብ ወይም በደም ሥር ጡንቻ ላይ ከሚገኙት አልፋና ቤታ ተቀባዮች ጋር ይጣመርና ሥራውን ይሠራል።

ከሥራው በኋላስ ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ጁሊየስ አክስልሮድ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1961 የድመቶችን የአንገት ላይኛ ነርቭ ቋጠሮ በአንድ ወገን ብቻ ቆርጠው አወጡ። የዚያ ወገን ነርቮች ከሞቱ በኋላ በትሪቲየም፣ ማለትም በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን፣ ምልክት የተደረገበት ኖርአድሬናሊን ለድመቶቹ ሰጡ። ምልክቱ የተከማቸው ነርቭ ባለበት ወገን እንጂ ነርቭ በሌለበት ወገን አልነበረም። ከዚህ የተረዱት ነገር ነርቩ ያፈሰሰውን ራሱ መልሶ እንደሚወስድ ነው። በልብ ውስጥ ከሚፈሰው ኖርአድሬናሊን ከአስር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ በዚህ መንገድ ወደ ነርቩ ይመለሳል። የቀረው በኢንዛይሞች ይፈራርሳል ወይም ወደ ደም ያመልጣል። አክስልሮድ፣ ፎን ኦይለርና በርናርድ ካትዝ በ1970 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ክምችቱ ለምን እንደማይጎድል ግማሹን ምክንያት አሁን አግኝተናል፤ አብዛኛው የፈሰሰው ይመለሳል። ነገር ግን አስረኛው እጅ በእያንዳንዱ ምት ይጠፋል። ወደ ነርቩ ከተመለሰውም ከፊሉ ከረጢት ሳይደርስ በኢንዛይም ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ የሚነቃቃ ነርቭ ይህን ኪሳራ ካልተካ መጉደሉ አይቀርም። የቀረው ግማሽ ምክንያት የት አለ?

የሮቶው ምሳሌ

በከተማ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን የውሃ ሮቶ እናስብ። በሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፤ ቤተ ሰብ ቧንቧ ከፍቶ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ኳሱም ዝቅ ይልና መግቢያውን ይከፍታል። አንድ ባልዲ ቢቀዳም፣ ልብስ ቢታጠብም፣ የመስመሩ ውሃ እስካልተቋረጠ ድረስ የሮቶው ከፍታ እምብዛም አይለወጥም።

አሁን አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የሮቶውን ከፍታ በመለካት ብቻ «በዚህ ቤት ዛሬ ብዙ ውሃ አልተቀዳም» ቢል እንስቅበታለን። ከፍታው የሚነግረው በዚያች ቅጽበት ስላለው ክምችት እንጂ ስለ አጠቃቀሙ አይደለም። አጠቃቀሙን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ብልሃት አለው፤ የመስመሩን መዝጊያ ዘግቶ ከፍታው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ መመልከት ነው። የከተማው ውሃ በተቋረጠ ቀን ብዙ የሚቀዳው ቤት ሮቶ ቶሎ ይደርቃል፤ ጥቂት የሚቀዳው ደግሞ ይሰነብታል።

የነርቭ ጫፍ ልክ እንዲህ ነው። ክምችቱ የሮቶው ውሃ ነው፤ የነርቭ ምት ቧንቧውን መክፈት ነው፤ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ደግሞ ተንሳፋፊ ኳስ ያለበት መግቢያ ነው። ኢንዛይሙን የሚገድበው በነርቩ ውስጥ ከከረጢት ውጭ የሚገኘው ካቴኮላሚን ራሱ ነው። ሲበዛ ኢንዛይሙን ይይዘዋል፤ ሲያንስ ይለቀዋል።

ስሌቱ

ክምችቱን ክ፣ በየሰዓቱ የሚመረተውን ም፣ ከክምችቱ ውስጥ በየሰዓቱ የሚጠፋውን እጅ ደግሞ ተ ብለን እንሰይም። በየሰዓቱ የሚጠፋው መጠን ተ × ክ ይሆናል። ክምችቱ ሳይለወጥ የሚቆየው የሚመረተውና የሚጠፋው እኩል ሲሆኑ ነው፦

ም = ተ × ክ

ምርቱ በድንገት ቢቆም ክምችቱ እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በግማሽ፣ ከዚያም በግማሽ ግማሽ እየሆነ ይወርዳል። ግማሽ ለመሆን የሚወስደው ጊዜ 0.693 ÷ ተ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን በአይጥ ልብ ውስጥ በአንድ ግራም ህብረህዋስ 1 ማይክሮግራም ኖርአድሬናሊን አለ እንበል። የኖርአድሬናሊን ሞለኪውላዊ ክብደት 169 ስለሆነ ይህ መጠን 3,600 ትሪሊዮን ገደማ ሞለኪውሎች ማለት ነው። ተ በሰዓት 0.1 ነው ብለን ብንወስድ ምርቱ በሰዓት 0.1 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ምርቱ ቢቆም ክምችቱ በ7 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አይጧ ብርድ ቦታ ገብታ የነርቭ ምቷ ጨምሮ ተ 0.2 ቢሆንስ? ክምችቱ እዚያው 1 ማይክሮግራም ላይ ከቆየ ምርቱ የግድ ወደ 0.2 ከፍ ብሏል ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመረተው በመጀመሪያው ሁኔታ 2.4፣ በሁለተኛው 4.8 ማይክሮግራም ይሆናል። ህብረህዋሱን ቆርጦ የለካ ሰው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 1 ማይክሮግራም ያገኛል። እጥፍ የሆነው ለውጥ ከዓይኑ ተሰውሮበታል።

መዝጊያውን የዘጉት ሙከራዎች

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1965 ስፔክተር፣ ሾርድስማና ዩደንፍሬንድ አልፋ-ሜታይል-ታይሮሲን የተባለ ውሕድ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝን እንደሚያግድ አሳዩ። የመስመሩ መዝጊያ ተገኘ ማለት ነው። ውሕዱ ሲሰጥ በህብረህዋሳት ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን መውረድ ይጀምራል። የነርቭ ምት ሲበዛ በፍጥነት ይወርዳል፤ ወደ ህብረህዋሱ የሚመጣው መልእክት በቋጠሮው ላይ ሲቋረጥ ደግሞ አወራረዱ ይዘገያል። ከዚህ የምንረዳው ክምችቱን የሚያወርደው ዋናው ኃይል የነርቭ ምት መሆኑንና ያልወረደ ይመስል የነበረውም ምርቱ እየደረሰለት መሆኑን ነው።

በ1966 ደግሞ ሁለት ጥናቶች ጉዳዩን ከሌላው ወገን አረጋገጡት። አሉሲና ዋይነር ከአንድ የጊኒ አሳማ የዘር ቱቦን ከነነርቩ ለይተው ነርቩን ሲያነቃቁ፣ ምልክት ከተደረገበት ታይሮሲን የሚሠራው ኖርአድሬናሊን መጨመሩን አዩ። ጎርደን፣ ስፔክተር፣ ሾርድስማና ዩደንፍሬንድ በበኩላቸው ሙሉ አካል ባላቸው አይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት በብርድና በአካል እንቅስቃሴ ጊዜ ምርቱ እንደሚጨምር አሳዩ። መነቃቃት ማፍሰስን ብቻ ሳይሆን መተካትንም እንደሚያዝዝ በዚህ ታወቀ።

ሁለት ዓይነት ምላሽ

የነርቩ የመተካት ምላሽ በጊዜ ርዝመት በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ የሚከናወን ነው። ምቱ ሲመጣ በነርቩ ጫፍ የሚገቡት ካልሲየምና ሌሎች የውስጥ መልእክተኞች ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ላይ የፎስፌት ክፍል እንዲጨመር ያደርጋሉ። ፎስፌት የተጨመረበት ኢንዛይም በካቴኮላሚን መያዙ ይላላል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። የኢንዛይሙ ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትጋቱ ነው።

ሁለተኛው በቀናት የሚለካ ነው። በ1969 ቶነን፣ ሙለርና አክስልሮድ የአይጦች ሲምፓተቲክ ነርቮች ለረጅም ጊዜ እንዲተጉ ሲያደርጉ፣ በነርቭ ቋጠሮዎችና በአድሬናል ዕጢ ውስጥ ያለው የታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ መጠን ራሱ ጨመረ። ወደ አንደኛው ወገን ዕጢ የሚሄደው ነርቭ አስቀድሞ ሲቆረጥ ግን በዚያ ወገን ጭማሪው አልታየም። ስለዚህ ትእዛዙ በደም ሳይሆን በነርቭ በኩል እንደሚመጣ ግልጽ ሆነ። በሮቶው ምሳሌ፣ የመጀመሪያው መግቢያውን ይበልጥ መክፈት ሲሆን ሁለተኛው ወፍራም ቧንቧ ማስገባት ነው።

ሆኖም አቅም ወሰን አለው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው አድሬናል ዕጢ ነው። የዚህ ዕጢ ውስጠኛ ክፍል፣ ጭረት እንደሌለው ሁለተኛ የነርቭ ህዋስ ሊቆጠር ይችላል፤ ከህብለ ሰረሰር የሚነሣው ነርቭ በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል፤ እርሱም ምርቱን ወደ ደም ያፈሳል። በሰው ላይ ከሚያፈሰው ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ አድሬናሊን ነው። ወደ ደም የፈሰሰው ደግሞ እንደ ነርቭ ጫፍ ተመልሶ አይወሰድም። በዚህ ምክንያት በኢንሱሊን የደም ስኳር በኃይል ዝቅ ሲል ነርቩ ዕጢውን አጥብቆ ያነቃቃዋል፤ የዕጢው አድሬናሊን በጉልህ ይጎድላል፤ እንደገና ለመሙላትም ቀናት ይወስዳል። የዕጢው ነርቭ ከተቆረጠ ግን ጉድለቱ አይታይም። መልሶ መውሰድ ለነርቭ ጫፍ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ከዚህ ንጽጽር መገንዘብ ይቻላል።

ብርሃን የሰጠው ምስክርነት

ኖርአድሬናሊን በእርግጥ በነርቭ ጫፍ ውስጥ መሆኑን በዓይን ማየት የተቻለው በ1962 በታተመው የስዊድናውያኑ የቤንግት ፋልክና የኒልስ-ኦኬ ሂላርፕ ዘዴ ነው። ቀዝቅዞ የደረቀ ህብረህዋስ ለፎርማልዴሃይድ እንፋሎት ሲጋለጥ ካቴኮላሚኖቹ ፍሎረሰንስ ወዳለው ውሕድ ይለወጣሉ። ወደ 410 ናኖሜትር የሚጠጋ ሐምራዊ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ 480 ናኖሜትር የሚጠጋ አረንጓዴ ብርሃን ይመልሳል። የመጀመሪያው ፎቶን ጉልበት 3.0 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ፣ የሁለተኛው 2.6 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ በሙቀት መልክ ይቀራል። ይህ የቀለም ልዩነት ነው በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ መቁጠሪያ የመሰሉትን የነርቭ ጭረቶች ለይቶ ለማየት ያስቻለው።

ጫት፦ ምት የማይጠብቅ ፍሰት

ከአገራችን ጋር ቅርበት ያለው አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። በትኩስ ጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታወቀ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት በትኩስነቱ ገበያ እንዲደርስ ይጣደፋል።

ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በመልሶ መውሰጃው በር ወደ ነርቭ ጫፍ ይገባና ካቴኮላሚኖቹን ወደ ውጭ ያስወጣል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ እንበል። በተፈጥሯዊው መነቃቃት ነርቩ የሚያፈሰው ምት ሲመጣ ብቻ ነው፤ አፍስሶም መልሶ ይወስዳል። በካቲኖን ግን ፍሰቱ ምት አይጠብቅም፤ መልሶ መውሰጃው በርም በካቲኖኑ ተይዟል። ሮቶው ከጎኑ እንደተበሳ ያህል ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በ2005 የታተመ የየመን ጥናት ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ጋር ያለውን ግንኙነት አመልክቷል። ለፈተና ሲሉ ሌሊቱን በምርቃና የሚያሳልፉ ተማሪዎች የሚሰማቸው ንቃት ከውጭ የተጨመረ ጉልበት ሳይሆን ከራሳቸው ክምችት ያለ ትእዛዝ የወጣ መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

የልብ ድካም፦ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፈለበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቺድሲ፣ ብራውንዋልድና ባልደረቦቻቸው በልብ ድካም ሕሙማን ላይ ሁለት ነገሮችን አገኙ። አንደኛ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ በደማቸው ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን ከጤነኞች ይልቅ በጣም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ከልባቸው በተወሰደ ህብረህዋስ ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን በጣም ጎድሏል።

የልቡ ክምችት ጎድሎ ሲታይ በቀላሉ የሚመጣው መደምደሚያ «ይህ ልብ የነርቭ ድጋፍ አጥቷል፤ የቀረችውን ጥቂት ድጋፍ ልንጠብቅለት ይገባል» የሚል ነው። የቤታ ተቀባዮችን የሚዘጉ መድኃኒቶች የልብን ጡንቻ ወዲያውኑ የሚያዳክሙ ከመሆናቸው ጋር ተዳምሮ፣ ይህ አስተሳሰብ እነዚህ መድኃኒቶች ለልብ ድካም ሕሙማን ፈጽሞ እንዳይሰጡ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ክምችቱ ሳይሆን ፍሰቱ ሲለካ ግን ሥዕሉ ተገለበጠ። በ1986 በአውስትራሊያ የሜልቦርን ከተማ የመሪ ኤስለር ቡድን በትሪቲየም ምልክት የተደረገበትን ኖርአድሬናሊን ተጠቅሞ ከልብ ወደ ደም የሚፈሰውን መጠን ለካ። በልብ ድካም ሕሙማን ላይ ከልብ የሚፈሰው ኖርአድሬናሊን ከጤነኞች እጅግ በልጦ ተገኘ። ሮቶው የጎደለው ማንም ስላልቀዳ አልነበረም፤ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተከፍተው ስለቆዩ፣ መልሶ መውሰዱ ስለተዳከመና ከረጢቶቹም ይዘታቸውን በሚገባ መያዝ ስላቃታቸው ነው። ልቡ የደረሰበት ችግር የነርቭ እጦት ሳይሆን ዕረፍት የሌለው የነርቭ ግርፋት ነበር።

በስዊድን የጎተንበርግ ከተማ ቫግስታይንና ባልደረቦቹ ገና በ1975 ለጥቂት ሕሙማን ቤታ ዘጊ መድኃኒት በጥንቃቄ ሰጥተው መሻሻል ማየታቸውን ጽፈው ነበር፤ ብዙዎች ግን በጥርጣሬ ተመለከቱት። በ1999 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ በሜቶፕሮሎል ሌላው በቢሶፕሮሎል የተደረጉት፣ መድኃኒቱ የልብ ድካም ሕሙማንን ሞት እያንዳንዳቸው በ34 ከመቶ እንደቀነሰ አሳዩ። ከመጀመሪያው ሪፖርት እስከዚህ ድረስ 24 ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ቤታ ዘጊዎች የልብ ምታ ኃይል ለቀነሰባቸው የልብ ድካም ሕሙማን ከዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች መካከል ናቸው። የሚሰጡት ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ ከትንሽ መጠን ተነሥቶ ቀስ በቀስ ነው፤ በድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው።

ማጠቃለያ

ሲምፓተቲክ ነርቭ ሲነቃቃ ኖርአድሬናሊን ይፈሳል፤ አብዛኛው ተመልሶ ይወሰዳል፤ የጠፋው በተፋጠነ ምርት ይተካል፤ መነቃቃቱ ከቀጠለም አምራቹ ኢንዛይም ራሱ ይበዛል። በዚህ ሁሉ መካከል የህብረህዋሱ ክምችት ጸጥ ብሎ እንደቆመ ውሃ ይታያል። ስለዚህ ያልተለወጠ ክምችት የተኛ ነርቭ ምልክት አይደለም፤ የጎደለ ክምችትም የደከመ ነርቭ ምልክት ላይሆን ይችላል። አንድን ሕያው ሥርዓት ለማወቅ ምን ያህል እንዳለው ከመጠየቅ ጋር በምን ፍጥነት እንደሚያወጣና እንደሚያስገባ መጠየቅ ይገባል። ይህ ሕግ ለነርቭ ብቻ ሳይሆን ለሐይቅ፣ ለሆርሞንና ለአገር ግምጃ ቤትም ይሠራል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በአንድ ህብረህዋስ ውስጥ በግራም 0.8 ማይክሮግራም ኖርአድሬናሊን አለ፤ ተ በሰዓት 0.14 ነው። የምርቱ ፍጥነትና ምርቱ ቢቆም ክምችቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ስንት ነው?
2. ሁለት ህብረህዋሳት እኩል ክምችት አላቸው፤ አልፋ-ሜታይል-ታይሮሲን ሲሰጥ የመጀመሪያው በ4 ሰዓት፣ ሁለተኛው በ12 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳሉ። የትኛው ነርቭ ይበልጥ ይሠራል? የምርታቸው ንጽጽርስ ስንት ለስንት ነው?
3. መልሶ መውሰድን የሚያግድ መድኃኒት የነርቭን ውጤት ለጊዜው የሚያጠናክረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ 1) በሰዓት 0.112 ማይክሮግራም በግራም፤ 5 ሰዓት ገደማ። 2) የመጀመሪያው፤ 3 ለ 1። 3) የፈሰሰው ኖርአድሬናሊን በተቀባዮቹ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ።